የኢንዛይሙ ጓዳ

ከመርካቶ ሽቅብ ወደ ጉለሌ የሚወጣ ሰው ፓስተር የሚባል ሰፈር ያገኛል። ስሙን የሚጠራው ብዙ ነው፤ ከየት እንደመጣ የሚጠይቀው ግን ጥቂት። ሰፈሩ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከተቋቋመው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት የወረሰው ስም ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተቋሙ በኋላ ማዕከላዊ ላቦራቶሪ፣ ከዚያም የጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ተባለ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። የመሥሪያ ቤቱ ስም ሲቀያየር ሰፈሩ ፓስተር እንደሆነ ቀረ።

የስሙ ባለቤት፣ የፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት፣ በሃያ ሁለት ዓመት ልዩነት ሁለት ነገሮችን ለዓለም አስታውቋል። አንደኛው ኢንዛይሞች ከሥራ በራቸው ሌላ የተሰወረ መቆጣጠሪያ ቦታ እንዳላቸው ነው። ሁለተኛው በኋላ ኤች.አይ.ቪ. የተባለው ቫይረስ ነው። ሁለቱ ግኝቶች ከብዙ ዙር በኋላ በአንድ ክኒን ውስጥ ተገናኙ። መርካቶ የሚያውቀው ክኒኑን ነው፤ ከክኒኑ በፊት ያለው ታሪክ ግን አንድ መቶ ዓመት ይሞላል።

ከ1894 እስከ 1965፦ ከበሩ ሌላ ቦታ

ጀርመናዊው ኬሚስት ኤሚል ፊሸር በ1894 ኢንዛይምን በጓጉንቸር መሰለው። ኢንዛይም በሕያው አካል ውስጥ ኬሚካላዊ ሥራን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። አካሉ ላይ የሥራ ቦታ አለው፤ የሚሠራበት ንጥረ ነገርም ቁልፍ ጓጉንቸሩ ውስጥ እንደሚገባ እዚያ ቦታ ገጥሞ ይቀመጣል። ምሳሌው መድኃኒት ለሚቀምሙ ሰዎች መንገድ ከፈተ፦ ኢንዛይሙን ማስቆም ከተፈለገ እውነተኛውን ቁልፍ የሚመስል የሐሰት ቁልፍ ሠርቶ ቀዳዳውን መድፈን ነው።

መንገዱ ግን ጣጣ ነበረው። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ኢንዛይሞች ቀዳዳቸውም ይመሳሰላል። ለጠላት የተሠራው የሐሰት ቁልፍ የወዳጅን በር ጭምር ሊቆልፍ ይችላል።

በ1956 አሜሪካዊው ኤድዊን አምባርገር በባክቴሪያ ላይ አንድ እንግዳ ነገር አየ። ባክቴሪያው አይሶሉሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ የሚሠራው እጅ በእጅ እንደሚቀባበሉ ሠራተኞች በተሰለፉ ኢንዛይሞች ነው። አይሶሉሲኑ ሲበዛ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመልሶ የመጀመሪያውን ኢንዛይም ያስቆመዋል። እቃው ሲከማች ማሽኑን የሚያጠፋ ፋብሪካ ማለት ነው። እንቆቅልሹ የቅርጹ ጉዳይ ነበር። አይሶሉሲን ኢንዛይሙ ከሚሠራበት ንጥረ ነገር ጋር ብዙም አይመሳሰልም፤ ታዲያ በዚያ ቀዳዳ እንዴት ገባ?

መልሱን ያገኘው በፓሪስ ፓስተር ለዶክትሬቱ የሚሠራው ወጣት ዣን ፒየር ሻንዡ ነው። ኢንዛይሙን በተለያየ መንገድ ሲነካካው ሥራውን እየሠራ ለአይሶሉሲን ግን ደንቆሮ ሆኖ አገኘው። ሥራውና ትእዛዝ መስማቱ ከተለያዩ፣ ሁለቱ የሚፈጸሙት በሁለት ቦታ መሆን አለበት። ሻንዡ ይህን በ1961 አቀረበ። መምህሮቹ ዣክ ሞኖና ፍራንሷ ዣኮብ ለሐሳቡ ከግሪክ ቃል «ሌላ ቅርጽ» የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጡለት፤ አሎስቴሪክ። በሌላኛው ቦታ የሚያርፈው ነገር የፕሮቲኑን አካል ያጣምመዋል፤ መጣመሙ እስከ ሥራው ቦታ ይደርሳል። ሞኖ በዚያን ሰሞን የሕይወትን ሁለተኛ ምስጢር አገኘሁ ብሎ ለባልደረባው ለአግነስ ኡልማን ነግሯታል ይባላል። በ1965 ሞኖ፣ ሻንዡና ጄፍሪስ ዋይማን ነገሩን በሒሳብ አስቀመጡት።

ለመድኃኒት ሠሪዎች ግን ዜናው ለጊዜው የመማሪያ መጽሐፍ እውቀት ነበር። በሌላኛው ቦታ የሚገባ ነገር ተፈጥሮ ራሷ ካላሳየቻቸው በስተቀር ቦታውን እንዴት እንደሚፈልጉት አያውቁም ነበርና።

ከ1970 እስከ 1987፦ ወደ ኋላ የሚጽፈው

ሆዋርድ ቴሚንና ዴቪድ ባልቲሞር በ1970 በየፊናቸው አንድ ኢንዛይም አገኙ። እስከዚያ ድረስ የዘር መልእክት ከዲ.ኤን.ኤ. ወደ አር.ኤን.ኤ. ይገለበጣል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም የሚል እምነት ሰፍኖ ነበር። ይህ ኢንዛይም ግን አር.ኤን.ኤ. እያነበበ ዲ.ኤን.ኤ. ይጽፋል። ስሙም ግብሩን ይናገራል፦ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ፣ የኋሊት ገልባጭ። ይህ ኢንዛይም ያላቸው ቫይረሶች በእሱ አማካይነት ራሳቸውን በያዙት ሕዋስ የዘር መዝገብ ውስጥ ይጽፋሉ።

በ1983 የፓሪሱ ፓስተር ተመራማሪዎች ፍራንሷዝ ባሬ ሲኑሲና ሉክ ሞንታኜ ከአንድ ሕመምተኛ አዲስ ቫይረስ ለዩ። በውስጡ የሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ሥራ መታየቱ ለማንነቱ ቁልፍ ምልክት ነበር።

የመጀመሪያው መድኃኒት ኤ.ዜድ.ቲ. በ1987 በአሜሪካ ተፈቀደ። እሱም የፊሸር ልጅ ነው። ኢንዛይሙ ለጽሕፈት የሚጠቀምበትን ፊደል መስሎ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን ቀጣዩ ፊደል የሚያያዝበት ጫፍ ስለሌለው ጽሕፈቱ እዚያው ይቋረጣል። የሐሰት ቁልፍ የድሮ ጣጣም አብሮ መጣ። ብዙ ሕመምተኞች ደማቸው አነሰ፤ ቫይረሱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ መላመድ ጀመረ።

ከ1984 እስከ 1994፦ አውቶቡስ ተራ

መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተተከለ ገበያ ነው። ወራሪው ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአራዳ ገበያ አንሥቶ የአገሬውን ሰው ንግድ ወደ ምዕራብ ገፋው። የተገፋው ገበያ የአገሪቱ እምብርት ሆነ። ከምናለሽ ተራ እስከ ሚስማር ተራ የሚራገፈው ዕቃ ከየክፍለ ሀገሩ በጭነት መኪና ይመጣል፤ ሰዉ በአውቶቡስ ተራ ይገባል፣ ይወጣል። ለቫይረስም ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የቫይረሱ ምልክት በ1984 በተወሰደ ደም ውስጥ ተገኘ፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች በ1986 ተመዘገቡ። ዶክተር አልማዝ አበበና ባልደረቦቿ ከዓመታት በኋላ የቫይረሱን ዘር እየቆጠሩ ወደ ኋላ ሲሄዱ፣ በኢትዮጵያ የተስፋፋው ዓይነት፣ ሲ የሚባለው፣ አገር ውስጥ የገባው በ1983 ገደማ እንደሆነ ገመቱ። ቫይረሱ ኤች.አይ.ቪ. የሚለው ስም ሳይወጣለት እዚህ ደርሶ ነበር ማለት ነው። በ1988 በ23 ከተሞች በወሲብ ንግድ በሚተዳደሩ ሴቶች ላይ የተደረገ ቅኝት ከመቶ 17ቱ ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ አሳየ።

በ1994 የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ሥራ ጀመረ። ቤቱ ያው ፓስተር ያለው ኢንስቲትዩት ነበር። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ነዋሪ ላይ የተደረገ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ከመቶ ስድስት እስከ ሰባቱ መያዛቸውን አመለከተ። ሰፈሩ ቁጥሩን ሳይሰማ በዕድሩ ያውቀው ነበር። አንዱ ድንኳን ሳይነቀል ሌላው ይተከላል። በሽታው በስሙ አይጠራም፤ «ምች መትቶት ነው» ይባላል።

ከ1989 እስከ 1995፦ ጓዳው

ሐኪሞች በኤ.ዜድ.ቲ. ድክመት በተጨነቁበት ሰዓት ሦስት ቡድኖች፣ አንዱ በጃፓን፣ አንዱ በቤልጅየም፣ አንዱ በአሜሪካ፣ እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ንጥረ ነገሮችን አገኙ። የጃፓኖቹ በ1989 ወጣ። የቤልጅየሙን በ1990 ያሳወቁት በሉቨን የሬጋ ኢንስቲትዩትና የፖል ያንሰን የመድኃኒት ቤተ ሙከራ ናቸው። የአሜሪካው ደግሞ በቦሪንገር ኢንገልሃይም የተገኘው ኔቪራፒን ነበር፤ እሱም በ1990 ታተመ።

ሦስቱም ግራ አጋቡ። የጽሕፈት ፊደል አይመስሉም፤ ሆኖም ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝን ያቆሙታል። የሰውን ኢንዛይሞች አይነኩም። ይባስ ብሎ የኤች.አይ.ቪ. ቁጥር አንድን ሲያስቆሙ የቅርብ ዘመዱን ቁጥር ሁለትን ምንም አያደርጉትም። የሥራው ቦታ በሁለቱ ዘንድ ተመሳሳይ ነው። እንግዲያው መድኃኒቶቹ የሚያርፉት በሥራው ቦታ አይደለም። የሻንዡ ሐሳብ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ።

ቦታው በዓይን የታየው በ1992 ነው። በዬል ዩኒቨርሲቲ የቶማስ ስታይትዝ ቡድን ኢንዛይሙን ከኔቪራፒን ጋር እንደ ጨው አርግቶ በኤክስሬይ ቅርጹን አወጣ። የወጣው ቅርጽ ቀኝ እጅ ይመስላል፤ ጣቶች፣ መዳፍና አውራ ጣት አሉት። ዲ.ኤን.ኤ.ው የሚጻፈው መዳፉ ላይ ነው። ኔቪራፒን ግን ከዚያ የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ርቆ፣ በአውራ ጣቱ ሥር ተወሽቆ ተገኘ።

ትልቁ ድንቅ ጥቂት ቆይቶ ታወቀ። ከ1995 ጀምሮ ተመራማሪዎች ያለ መድኃኒት ያለውን ኢንዛይም ቅርጽ አውጥተው ከፊተኛው ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ጓዳው የለም። ቦታው ድፍን ነው። መርካቶ ውስጥ ደጃፉ ከክንድ የማይሰፋ ሱቅ ከመደርደሪያው ኋላ ጓዳ ይኖረዋል፤ ደንበኛ አያየውም፣ ባለቤቱ ግን ያውቀዋል። የዚህን ኢንዛይም ጓዳ ባለቤቱም አያውቀውም። እንግዳው ሲመጣ 181ኛና 188ኛ ላይ ያሉት ሁለት ታይሮሲን የተባሉ አሚኖ አሲዶች ዘወር ይላሉ፤ ጓዳው ያኔ ይፈጠራል። እንግዳው ከገባ አውራ ጣቱ እንደተዘረጋ ይደርቃል፤ መዳፉም ከቦታው ይዛነፋል። እጁ አለ፤ መጻፍ ግን አይችልም። ቁጥር ሁለት ቫይረስ ለምን እንዳመለጠም ታወቀ፤ በእነዚያ ሁለት ቦታዎች ላይ ታይሮሲን የለውም።

የጓዳው ደካማ ጎንም እዚሁ ላይ ነው። የሥራው ቦታ ከተለወጠ ቫይረሱ ራሱ ይሞታል። ጓዳው ግን ለቫይረሱ ምንም አይሠራለትም፤ ቢለውጠው አይጎዳም። በ181 ላይ ያለው ታይሮሲን በሌላ አሚኖ አሲድ ሲተካ ኔቪራፒን የሚይዘው ያጣል። ለብቻው የተሰጣቸው ሕመምተኞች በሳምንታት ውስጥ መድኃኒቱን የሚቋቋም ቫይረስ ተሸከሙ።

ከ1996 እስከ 2001፦ ሦስት በአንድ

መፍትሔው መደራረብ ሆነ። በ1996 ሦስት መድኃኒት በአንድ ላይ ሲሰጥ ቫይረሱ በአንድ ጊዜ ሦስቱንም ማምለጥ እንደማይችል ታወቀ። በዚያው ዓመት ኔቪራፒን፣ በ1998 ደግሞ በዚያው ጓዳ የሚገባው ኤፋቪረንዝ በአሜሪካ ተፈቀዱ።

ለድሃ አገር የጓዳው መድኃኒት ከሌሎቹ የሚለይበት ጠባይ ነበረው። በጊዜው ከነበሩት ሌሎች ኃይለኛ መድኃኒቶች አንዱ፣ ሪቶናቪር፣ ማቀዝቀዣ ይፈልግ ነበር። ኔቪራፒን ግን ትንሽና ቀላል ሞለኪውል ነው፤ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፣ ከሌሎች ጋር በአንድ ክኒን ይጠቀጠቃል። የሕንዱ ሲፕላ ያደረገው ይህንኑ ነው። የሕንድ የፓተንት ሕግ በጊዜው ጥበቃ የሚሰጠው ለአሠራሩ እንጂ ለመድኃኒቱ ለራሱ አልነበረም። በየካቲት 2001 የሲፕላው ዩሱፍ ሃሚድ ስታቩዲን፣ ላሚቩዲንና ኔቪራፒን የያዘውን ጥምር ለአንድ ሰው ለአንድ ዓመት በ350 ዶላር አቀረበ። በምዕራቡ ዓለም የአንድ ዓመት ሕክምና ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነበር።

ከ2003 እስከ 2008፦ የመቃብር ቆጠራ

ኢትዮጵያ መድኃኒቱን መስጠት የጀመረችው በ2003 ነው፤ በክፍያ። ዘውዲቱ ሆስፒታል ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር። የመርካቶ ሸክም ተሸካሚ ወይም የጉልት ነጋዴ በየወሩ ሊከፍል አይችልም። ጥሪት ያለው ጀመረ፤ ጥሪቱ ሲያልቅ አቋረጠ። ሦስት መድኃኒት የተደራረበው ቫይረሱ እንዳያመልጥ ነበር፤ ማቋረጡ ግን ለቫይረሱ ትምህርት ቤት ሆነለት።

ጥር 2005 ላይ መድኃኒቱ በነጻ ሆነ። ገንዘቡ በዋነኛነት ከግሎባል ፈንድና ከአሜሪካ መንግሥት የኤድስ ፕሮግራም መጣ። ከ2006 ወዲህ ከሆስፒታል ወርዶ ጤና ጣቢያ ገባ። አብዛኛው ጀማሪ ያንኑ የሦስት በአንድ ክኒን ወሰደ። ኔቪራፒን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቆዳና ጉበት እንዳይጎዳ በግማሽ መጠን ይጀመራል። ሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ግን ወደ ኤፋቪረንዝ ይመራል፤ የነቀርሳው መድኃኒት ሪፋምፒሲን ኔቪራፒንን ከደም ያሳንሰዋልና።

ሌላ መሰናክል ከኬሚስትሪ ውጭ ነበር። በእንጦጦ ማርያም ጸበል የሚጠመቁ ብዙዎች ክኒኑን መውሰድ እምነትን መጠራጠር ነው ብለው ይተዉት ነበር። በ2007 የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ በይፋ ተናገሩ።

ውጤቱን የመዘገቡት የቀብር ቦታዎች ናቸው። ከ2001 ጀምሮ በአዲስ አበባ መካነ መቃብሮች የሚቀበረውን ሰው ዕድሜና የሞቱን ምክንያት የሚመዘግብ ክትትል ነበር። ጆርጅ ሬኒየርስና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ በ2009 ባወጡት ጽሑፍ መድኃኒቱ ከመጣ ወዲህ በከተማዋ በኤድስ የሚሞቱ አዋቂዎች ቁጥር በግማሽ ገደማ መቀነሱን አሳዩ። ትልቁ መውረድ የታየው ክፍያው ከቀረ በኋላ ነው። የድንኳኑ ጥድፊያ ረገበ።

ከ2009 እስከ 2019፦ መቀርቀሪያው

ኤፋቪረንዝ በቀን አንዴ የሚዋጥ የሦስት በአንድ ክኒን አካል ሆኖ ኔቪራፒንን ተካ። ማታ ይወሰዳል፤ ራስ ያዞራል፣ ቅዠት የበዛበት ሕልም ያመጣል። አንዱን ሲያሠቃይ ሌላውን ምንም አይለውም ነበር። ምክንያቱን ካጠኑት አንዷ በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የምትሠራው ኢትዮጵያዊቷ ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉ ናት። ኤፋቪረንዝን ከሰውነት የሚያስወግደው በጉበት ውስጥ ያለ ሌላ ኢንዛይም ነው፤ በዘረ መል ልዩነት ምክንያት በአንዳንዱ ሰው ዘንድ ይህ ኢንዛይም ዝግተኛ ነው፣ መድኃኒቱም ይከማቻል። ኢትዮጵያውያንንና ታንዛኒያውያንን ጎን ለጎን ያጠናው ቡድኗ፣ መጠኑ አንድ ሆኖ ሳለ በታንዛኒያውያን ደም ውስጥ መድኃኒቱ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አየ። ለ«አፍሪካውያን» ተብሎ አንድ መጠን መቁረጥ ልክ እንዳልሆነ ማስረጃ ሆነ።

ከክኒኑ ጋር ቫይረሱም ተማረ። በ103ኛው ቦታ ላይ ያለው አሚኖ አሲድ ሲለወጥ ከ188ኛው ታይሮሲን ጋር ይያያዛል። ጓዳው እንዳይከፈት ከውስጥ መቀርቀሪያ ገባበት ማለት ነው። ያንሰንና በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኤዲ አርኖልድ ቡድን መልስ ሰጡ፦ ግትር ያልሆነ፣ እንደ ጓዳው ቅርጽ የሚተጣጠፍ ሞለኪውል። ከዚህ ሐሳብ ኤትራቪሪን በ2008፣ ሪልፒቪሪን በ2011 ተፈቀዱ። በርካሹ ክኒን የሚኖሩት አገሮች ግን የያዙትን ይዘው ቆዩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ባወጣው ዘገባ ጥናት ከተደረገባቸው 11 አገሮች በስድስቱ፣ ሕክምና ከሚጀምሩት ከአሥር አንዱ በላይ የጓዳውን መድኃኒቶች የሚቋቋም ቫይረስ ነበረበት።

በ2019 ድርጅቱ ዶሉቴግራቪርን ቀዳሚ አደረገ፤ ኢትዮጵያም በዚያው ሰሞን ተሻገረች። ዶሉቴግራቪር የሚይዘው ሌላ የቫይረስ ኢንዛይም፣ ኢንተግሬዝን፣ ነው። የሚያርፈውም በሥራው ቦታ ላይ ነው፤ ቫይረሱ ሊለውጠው የሚቸገርበት ቦታ። የፊሸር በር በአዲስ ቁልፍ ተመልሶ መጣ።

ከ2013 ወዲህ፦ ሌሎች ጓዳዎች

የጓዳው ትምህርት ግን ከኤች.አይ.ቪ. አልፎ ሄደ። በካንሰር ውስጥ በተደጋጋሚ የሚታየው ኬ-ራስ የተባለ ኢንዛይም ለሠላሳ ዓመት ያህል «መድኃኒት አይይዘውም» ተብሎ ተትቶ ነበር። በ2013 የኬቫን ሾካት ቡድን እንደ ቫይረሱ ኢንዛይም እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚከፈት ጓዳ አገኘበት፤ በ2021 የመጀመሪያው መድኃኒት፣ ሶቶራሲብ፣ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት ለአንድ የደም ካንሰር ዓይነት አሲሚኒብ የተባለ፣ ከሥራው በር ርቆ የሚያርፍ መድኃኒት ተፈቅዷል። ለኢንተግሬዝም ከሥራው ቦታ የራቀውን ጎድጓዳ የሚይዙ ሞለኪውሎች እየተሞከሩ ነው።

የአፈላለጉም መንገድ ተለውጧል። በ1990 ጓዳው የተገኘው በአጋጣሚ ነበር፤ ቅርጹ የታየው በኋላ ነው። ዛሬ ኮምፒውተር ፕሮቲኑን ሲንቀጠቀጥና ሲላወስ አስመስሎ ያሳያል፤ ለቅጽበት የሚከፈተውን ክፍተት ያድናል። ለአዲስ አበባ ይህ ቁም ነገር አለው። ውድ የኤክስሬይ መሣሪያ በሌለበት ከተማ ኮምፒውተርና ጥሩ ሠራተኛ ያለው ክፍል ከፍለጋው ሊሳተፍ ይችላል።

የመጀመሪያው የጓዳ እንግዳ፣ ኔቪራፒን፣ ከአዋቂዎች ክኒን ወጥቷል። ከጤና ጣቢያ ግን አልወጣም። ቫይረሱ በደሟ ካለ እናት ለተወለደ ሕፃን በሽሮፕ ይሰጣል፤ ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ ለሳምንታት። ክብደቱ ከሁለት ኪሎ ተኩል በላይ ለሆነ አራስ መጠኑ በቀን አንዴ 1.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ እናቱ በትንሽ ስሪንጅ ለክታ በጉንጩ በኩል ታንጠባጥብለታለች።